ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል የሚጠፋበት ልጅ

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ልጄ አሥር ዓመቱ ነው፤ አራተኛ ክፍል። የማባዛት ሰንጠረዥ ከአልጋው በላይ ለጥፌለታለሁ። ማታ ማታ ከእራት በፊት ከ2 እስከ 10 ያለውን በቃሉ ይልልኛል። በተርታ ሲል እንደ መዝሙር ነው የሚያወርደው። ድንገት ‹ሰባት ጊዜ ስምንትስ?› ስለው ግን ጣቱን ከጀርባው ደብቆ መቁጠር ይጀምራል። ፈተና ላይም ሰዓት አይበቃውም። አባቱ ‹እኛ በአርጩሜ ነው የተማርነው› ይላል። ባለፈው ሳምንት እኔም ትዕግሥቴ አለቀና መታሁት። ከዚያ ወዲህ ‹ና እናጥና› ስለው ሆዴን አመመኝ ይላል። እህቴ በጨዋታ አስጠኚው ትለኛለች። እውነት ሒሳብ በጨዋታ በቃል ይያዛል? ወይስ ጊዜ ማባከን ነው? ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቤት የምናወራው በአማርኛ። እኔ ከሥራ የምገባው ማታ አንድ ሰዓት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የለኝም።»

የአራተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጨዋታው ከማውራቴ በፊት ስለ ሆዱ ሕመም ልንገርሽ። ልጅሽ አልዋሸም። ልጅ ሲፈራ ሆዱን የምር ያመዋል። የፈራ ልጅ ሐሳቡ ሁሉ ፍርሃቱ ላይ ስለሚሆን የሚያውቀውም ይጠፋበታል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠይቂው። «ባለፈው መምታቴ ልክ አልነበረም፣ ሁለተኛ በዚህ አልመታህም» በይው። ሰንጠረዡንም ከአልጋው በላይ ከለጠፍሽበት አውርጂለት። እዚያ ሆኖ የሚያስታውሰው ቁጥሩን ሳይሆን ያቺን ማታ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ በጨዋታ በቃል ይያዛል። ግን ማንኛውም ጨዋታ አይደለም። ልጁ መልሱን ራሱ ከጭንቅላቱ እንዲያወጣ የሚያስገድደው ጨዋታ ብቻ ነው የሚሠራው።

ይህን ለማስረዳት የቄስ ትምህርት ቤትን ላንሣ። ባለቤትሽም የሚስማማ ይመስለኛል። የኔታ ዘንድ ልጅ መጀመሪያ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ይቆጥራል። ስንደዶውን ፊደሉ ላይ እያስኬደ በዜማ ይወርዳል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆነው ፊደሉን ሳያይ ሁሉ ይለዋል። ታዲያ የኔታ መሀል ላይ ጣታቸውን አድርገው «ይቺ ማናት?» ሲሉት ዝም ይላል። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀማ። አቡጊዳ የመጣው ለዚህ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ቅደም ተከተሉን ያፈርሰዋል። ዜማው የለመደው መንገድ ሲጠፋ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለማወቅ ይገደዳል። አባቶቻችን ያስተማሩት በአርጩሜ ብቻ አልነበረም። ቅደም ተከተል ማፍረስንም ያውቁበት ነበር። ባለቤትሽን ከአርጩሜው ይልቅ አቡጊዳውን እንዲያስታውስ ንገሪልኝ።

ልጅሽ አሁን ያለው ሀሁ ላይ ነው። ሰባትን ከአንድ ጀምሮ ያወርዳል፣ መሀል ላይ ግን መግባት አይችልም። ይህ የማስታወስ ድክመት አይደለም። እንዲያውም ያን ሁሉ በተርታ የያዘ ልጅ ማስታወሱ ደህና ነው። የጎደለው በተናጠል የመጠየቅ ልምምድ ነው። ማታ ማታ የምታደርጉት ደግሞ ዜማውን ይበልጥ ያጠናክርለታል እንጂ ይህን አይሞላለትም። ደጋግሞ ከማንበብና ከመድገም ይልቅ ራስን መጠየቅ እንደሚሻል፣ አንድ ማታ ረጅም ሰዓት ከመቀመጥም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማለት እንደሚበልጥ በጥናት ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። አንቺም ያለሽ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚህ ይበቃል።

አሁን ሥራውን እናሳንሰው። ሰንጠረዡ ላይ ከ1 እስከ 10 አንድ መቶ ሳጥን አለ። ልጅ ያን ሲያይ ተራራ ነው የሚመስለው። ከልጅሽ ጋር ቁጭ በይና በእርሳስ እየሰረዛችሁ ሂዱ። የ1 ቀላል ነው፣ የ10 ዜሮ መጨመር ነው፣ የ2 ያንኑ ሁለቴ መደመር ነው፣ የ5ን ከሰዓቱ የደቂቃ አቆጣጠር ያውቀዋል። እነዚህን ስትሰርዙ 36 ይቀራል። ሦስት ጊዜ ሰባትና ሰባት ጊዜ ሦስት አንድ ናቸው፤ የተደጋገመውን ስትሰርዙ 21 ይቀራል።

የ9ን ጣቱ ይሠራለታል። አሥሩንም ጣት ይዘርጋ። ዘጠኝ ጊዜ ሰባት ከሆነ ከግራ ሰባተኛውን ጣት ይጠፈው። ከታጠፈው በስተግራ ስድስት ጣት፣ በስተቀኝ ሦስት ጣት አለ። ስድሳ ሦስት። ጣቱን እንዳይደብቅ፣ እንዲያውም ከፍ አድርጎ እንዲያሳይሽ በዚህ ጀምሩ። አሁን 15 ቀረ። ከነዚህ አምስቱ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ቁጥር ናቸው። ሦስት ጊዜ ሦስት፣ አራት ጊዜ አራት፣ ስድስት ጊዜ ስድስት ... እነዚህን ልጆች ቶሎ ይይዟቸዋል።

የቀሩት አሥር ናቸው። 3×4፣ 3×6፣ 3×7፣ 3×8፣ 4×6፣ 4×7፣ 4×8፣ 6×7፣ 6×8፣ 7×8። እኔ ሳስተምር በየዓመቱ ተማሪዎቼን የሚያስቸግሩት እነዚሁ ነበሩ፤ በተለይ የመጨረሻዎቹ ሦስት። አሥሩን በአሥር ቁራጭ ወረቀት ጻፏቸው። ፊት ላይ ጥያቄው፣ ጀርባው ላይ መልሱ። ለልጅሽ «መቶ ሳይሆን አሥር ነው የቀረህ» ስትይው ፊቱን እይው።

አሥሩንም በአንድ ጊዜ አትስጪው። በሳምንት ሦስት ይበቃል። ሦስቱን ሲይዝ ሦስት ጨምሪ፣ የድሮዎቹ ግን ከጨዋታው አይውጡ። አንዱ ሲጠፋበት ብዙ አታስጨንቂው። መልሱን ንገሪው፣ እሱ ሙሉውን «ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት» ብሎ ይድገመው፣ ሁለት ሦስት ሌላ ጥያቄ ካለፈ በኋላ መልሰሽ ጠይቂው። የሚይዘው በዚያች መልሶ መጠየቅ ነው።

ወደ ጨዋታዎቹ ልለፍ። እኔ ከሁሉ የምወደው እንቆቅልሽ ነው። ምንም ዕቃ አይፈልግም። ታክሲ ስትጠብቁ፣ ሽንኩርት ስትከትፊ፣ መብራት ሲጠፋ ይሆናል። እሱ «እንቆቅልሽ» ይበል፣ አንቺ «ምን አውቅልህ» በይ። «ስድስት ጊዜ ስምንት!» ካላወቅሽ «አገር ስጪኝ» ይልሻል። ጎንደርንም ሐረርንም ስጪው። የእኔ የልጅ ልጅ ከአርሴናል በታች አልቀበልም ትላለች፤ እሱንም እንሰጣታለን። አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን እሱ ይናገራል፣ አንቺ ትደግሚያለሽ። ከዚያ ተራው ያንቺ ነው።

የዚህ ጨዋታ ጥቅሙ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይበልጣል። ጠያቂው ራሱ መልሱን ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ልክ መሆንሽንና መሳሳትሽን በምን ይፈርዳል? ስለዚህ ሲጠይቅም ያጠናል። አንዳንድ ጊዜ «አርባ ስድስት» ብለሽ ተሳሳቺ። ካረመሽ ይዞታል ማለት ነው። ዝም ካለ ደግሞ ያቺ ወረቀት ለነገ ትመለስ። እናቱን ያረመ ልጅ ያን ቁጥር አይረሳም። ይህን በብዙ ልጆች አይቻለሁ።

ሁለተኛው ካርታ ነው። ከተራው ካርታ ሥዕል ያለባቸውን አውጪ። 1፣ 2፣ 5 እና 10ንም አውጪ፤ እነሱን ያውቃቸዋል። 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ይቀራሉ፤ በጠቅላላው 24 ካርታ። በግማሽ ተካፈሉ። ሁለታችሁም እኩል አንዳንድ ካርታ ትገልጣላችሁ፣ የሁለቱን ብዜት መጀመሪያ ተራው የሆነው ሰው ይናገራል። ልክ ከሆነ ሁለቱንም ይወስዳል፣ ከተሳሳተ ለሌላው ያልፋል። «ቀድሞ የተናገረ ይውሰድ» እንዳላልኩ ልብ በይ። በተራ ነው ያልኩት። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ዓርብ ዓርብ ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ አሰልፍ ነበር። ከፊት ያሉትን ሁለቱን እጠይቃለሁ፣ ቀድሞ የመለሰ ይቆማል፣ የተቀደመ ሄዶ ይቀመጣል። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፤ እኔም ጨዋታ አመጣሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አንዲት ልጅ ግን ዓርብ ዓርብ መቅረት ጀመረች። እናቷን ሳነጋግር ነው የገባኝ። ጎበዞቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሃያ ጥያቄ ይመልሳሉ። ልምምዱ የሚያስፈልጋት እሷ ግን አንድ ጥያቄ ተጠይቃ፣ ተቀድማ፣ አፍራ ትቀመጣለች። ጨዋታው የሚያስተምረው የሚያውቁትን ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰልፉን ተውኩት። ሁለት ሁለት አድርጌ በካርታና በጠጠር አስቀመጥኳቸው። እሷም ዓርብ መምጣት ጀመረች። እስከ ዛሬ ፊቷ አይጠፋኝም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ ተጠንቀቂ። ትልቁ ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ለትንሹ ፈተና ነው። ፍጥነት የሚመጣው ልጁ ከያዘ በኋላ ነው። ያኔም ከራሱ ጋር ይወዳደር። አሥሩን ወረቀት ትናንት በስንት ደቂቃ ጨረሰ፣ ዛሬስ? የሌላ ሰው ስም አይነሣ።

ግቢ ካላችሁ ሰኞ ማክሰኞም ይሆናል። በጠመኔ ሳጥኖቹን ሥሩና ውስጣቸው መልሶቹን ጻፉ፦ 28፣ 32፣ 42፣ 48፣ 56። አንቺ «ስድስት ጊዜ ሰባት» ስትይ እሱ በአንድ እግሩ ዘሎ 42 ላይ ይቁም። ቁጭ ብሎ ማጥናት ለማይሆንለት ልጅ ይህ መድኃኒት ነው። ገመድ እየዘለሉ ወይም ቅልልቦሽ እየተጫወቱ 7፣ 14፣ 21 እያሉ መቁጠርም ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ያው ተርታ ስለሆነ ለጀማሪ ነው። ልጅሽ ከዚያ አልፏል።

ከልምምዱ ጎን ለጎን ግን ማባዛት ማለት ምን እንደሆነ በዓይኑ ይይ። ትርጉሙን ያላየ ልጅ ሲረሳ የሚመለስበት ቦታ የለውም። እንቁላል ስትገዢ ትሪውን አሳዪው፤ አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት፣ ሠላሳ። የለስላሳ ሳጥን አራት በስድስት ነው፣ ሃያ አራት። ጉልት ስትሄዱ አራት አራት ሎሚ የተደረደረ ሰባት መደብ ስንት ሎሚ ነው? ገበጣ ካላችሁማ በጣም ጥሩ። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለውን ዓይነት በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ስትሞሉት፣ የእያንዳንዳችሁ ወገን 24 ነው፣ ሁለቱ ሲደመር 48። ገበጣ ከሌለ የእንቁላሉ ትሪና ባቄላ ይበቃል። የታክሲ ረዳቶችን አስቢያቸው። የአንድ ሰው ሒሳብ ነግረሽው «የአራት ሰው» ስትይው ሳያስብ መልስሽን ይሰጥሻል። ቀኑን ሙሉ ስለሚጠቀምበት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የምኮራበት ነገር አለ። አንዱን ቁጥር ደጋግሞ በግማሽ በማሳነስ፣ ሌላውን እጥፍ በማድረግ ማባዛት በአንዳንድ የውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ ይጠራል። ልጅሽን በጣም በሚያስቸግረው በሰባት ጊዜ ስምንት አሳዪው። ስምንትን በግማሽ በግማሽ አሳንሺ፦ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ጎኑ ላይ ሰባትን እጥፍ እጥፍ አድርጊ፦ 7፣ 14፣ 28፣ 56። ስምንቱ አንድ ሲደርስ ጎኑ ያለው 56 መልሱ ነው። በዚህ መንገድ የ4 ማለት የእጥፍ እጥፍ፣ የ8 ማለት ደግሞ አንድ ጊዜ ጨምሮ ማጠፍ መሆኑ ይገባዋል። ፈተና ላይ ቢጠፋበት እንኳ ከአንድ መቁጠር አያስፈልገውም፤ ሦስት ጊዜ ማጠፍ ነው።

ጨዋታ የምር ያስተምራል ወይ ለሚል ሰው አንድ ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ ጊታ ራማኒ እና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ገና መደበኛ ትምህርት ያልጀመሩ፣ ከደሃ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናትን ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈበት የሰሌዳ ጨዋታ አጫወቷቸው። ሌሎቹ ያንኑ ጨዋታ በቁጥር ፈንታ በቀለም ተጫወቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ አንዱ ሩብ ሰዓት ያህል። ቁጥር የተጫወቱት ቁጥርን የማወቅ ችሎታቸው ተሻሻለ፣ ቀለም የተጫወቱት አልተሻሻለም። ጥናቱ ስለ ማባዛት አይደለም፤ ለእኛ የሚነግረን ግን ግልጽ ነው። ዋናው ጨዋታ መሆኑ ሳይሆን ጨዋታው ውስጥ ልጁ አፉን ከፍቶ ቁጥሩን መናገሩ ነው። ዳይ ሲወረወር፣ ተራ ሲጠበቅ አሥር ደቂቃ አልቆ ሁለት ጥያቄ ብቻ የተመለሰበት ጨዋታ ጨዋታ ብቻ ነው። ለደስታው ተጫወቱት፣ ጥናት ነው ግን አትበሉ።

ስለ ቋንቋው ያነሣሽው ትልቅ ነገር ነው። በቃል የተያዘ ቁጥር ከተያዘበት ቋንቋ ጋር ይጣበቃል። በአማርኛ «ሃምሳ ስድስት» ብሎ የያዘ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ አእምሮው ተርጉሞ ሄዶ ተርጉሞ ይመለሳል። ያቺ ጊዜ ፈተና ላይ ትታያለች። ስለዚህ ምሳሌዎቹን በአማርኛ ብጽፍልሽም፣ አሥሩን ወረቀት መጀመሪያ በሚፈተንበት ቋንቋ ይያዛቸው። «ሰቨን ታይምስ ኤይት» ብለሽ ጠይቂው፣ «ፊፍቲ ሲክስ» ብሎ ይመልስ። ንግግርሽ እንዴት ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ ያልጠራልሽን እሱ ያርምሽ። ትርጉሙን ግን፣ እንቁላሉንም መደቡንም እጥፉንም፣ በአማርኛ አስረጂው። ልጅ ነገር የሚገባው በአፍ መፍቻው ነው። አንዱን በደንብ ሲይዝ እንቆቅልሹን በአማርኛ ቀጥሉ። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት መደባለቅ ግን ይቅር።

የስልክ ጨዋታ ቢሰጠውስ ትይ ይሆናል። መልሱን ራሱ የሚጽፍበት ከሆነ ይሁን። ከአራት ምርጫ አንዱን የሚነካበት ከሆነ ግን መገመት ነው የሚለምደው። ደግሞ አንቺን አይተካም። ከሥራ ገብተሽ አሥር ደቂቃ ከእሱ ጋር ወለል ላይ ካርታ ይዘሽ ስትቀመጪ ከሒሳቡ በላይ የሚያገኘው ነገር አለ። አባቱም ይግባበት። «እኔ አላስተምርም» ካለ እንቆቅልሹን ብቻ ይጫወት። ሲሸነፍ አገር መስጠት አያቅተውም።

ለአንድ ወር ከግማሽ ያህል በዚህ ቀጥዪ። አሥር ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ሲደክመው ወይም ሲያኮርፍ በአምስት ደቂቃም ቢሆን አቁሙ፤ እያለቀሰ የተጠና ነገር ነገ ሆድ ያማል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሦስት ወረቀት እንኳ አልያዝ ካለው፣ ወይም ትንንሽ ድምርም የሚያስቸግረው፣ የቱ ቁጥር እንደሚበልጥ የሚምታታበት ከሆነ፣ አስተማሪውን አነጋግሪ። ዓይኑንም አስመርምሪ። ቁጥር መያዝ ከሌላው ትምህርት ተለይቶ የሚከብዳቸው ልጆች አሉ፤ ስንፍና አይደለም፣ የተለየ እገዛ ይፈልጋሉ። የልጅሽ ሁኔታ ግን፣ ከጻፍሽልኝ እንደተረዳሁት፣ እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም።

የዛሬውን ማታ ልንገርሽና ልጨርስ። መጀመሪያ ይቅርታው። ከዚያ መቀስና ወረቀት አውጪ፣ አብራችሁ ቁረጡ፣ አሥሩን እሱ በራሱ እጅ ይጻፋቸው። ዛሬ አንቺ አትጠይቂው። ጠያቂው እሱ ይሁን። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «እንቆቅልሽ» ሲልሽ «ምን አውቅልህ» በይ። ሰባት ጊዜ ስምንት ሲመጣ ቶሎ አትመልሺ። ትንሽ አስቢ፣ ጣትሽንም ቁጠሪ፣ ከዚያ አገር ስጪው።